የአንጥረኛው ማንደፍሮ ጭቃ

አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት፣ ሰውም በዘሩ በሚመዘንበት በዚያ በሩቁ ዘመን፣ ወይራ አምባ በምትባል መንደር ማንደፍሮ የሚባል አንጥረኛ ነበረ። መሬት አልነበረውም። ሰዉ እርሱ የሠራውን መስቀል በአንገቱ ያንጠለጥላል፤ ቤቱ ገብቶ ግን ውሃ አይጠጣም። «ዓይኑ ይበላል» ይሉታል። ለአፉ እንኳ የሚበላው አልነበረውም።

ማንደፍሮ መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል። ጭቃው እሳት ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው የቀለጠ ብር ይፈስበታል። ብሩ ሲረጋ ጭቃውን ይሰብራል። ስለዚህ አንዱ መስቀል ሌላውን አይመስልም።

ዘርፈሽዋል የምትባል የባላባት ሚስት አንዱን መስቀል በምትታለብ ላም ገዛችው። «አምሳያው በአገሩ የለም» እያለች በየማኅበሩ ታሳይ ጀመር። የማንደፍሮም ልጆች ወተት ጠጡ።

ይህን ቢረሳው የሚባል ነጋዴ ሰማ። የዘርፈሽዋልን አገልጋይ በሻሽ አባብሎ መስቀሉን በለስላሳ ጭቃ ላይ አተመው። በእትሙም እያፈሰሰ ብዙ አድርጎ ሠራው። ወዲያው ጌሾ ሻጯም፣ በርበሬ ሻጯም ያንኑ መስቀል አንጠልጥላ ገበያ ወጣች።

ዘርፈሽዋል ወደ ሽማግሌዎች ሮጠች።

«ላሜን ይመልስ! የጌሾ ሻጭ መስቀል በላም አልገዛሁም!»

«እኔ የሠራሁት አንድ ነው፣ እሜቴ» አለ ማንደፍሮ።

ሽማግሌዎቹ የእርሷን መስቀል ከሌሎቹ ቀላቅለው ፊቱ ዘረገፉት። «በል፣ የእጅህን ለይ።»

አየ። ገለበጠ። በመዳፉ መዘነ። ልጆቹ ከላሟ አጠገብ ቆመው ያዩታል። ቢዋሽ ማን ያውቅበት ነበር?

«አልለየውም» አለ።

«የገዛ ልጁን የማያውቅ አባት!» አለ አንዱ። ሰዉ ሳቀ።

«ሌላ ልሥራልዎት፣ እሜቴ። ጭቃውን ራስዎ ይስበሩት። ካልወደዱት ላሟን ይንዱ።»

በሰው ሁሉ ፊት ብሩን አፈሰሰ። ረጋ። ዘርፈሽዋል ድንጋይ አንስታ ጭቃውን መታችው፤ ተፈረካከሰ። መስቀሉ ወጣ። ግን አንድ ክንዱ ጋ ብሩ ሳይደርስ ቀርቶ ሸራፋ ሆኗል። ማንደፍሮ ላሟን ሊፈታ ሄደ። ዞር ሲል ሴትዮዋ መስቀሉን ገና በትኩስነቱ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላዋለች።

«ላስተካክለው፣ እሜቴ?»

«እንዳትነካው! ሲወለድ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ላሟ ቀረች።

ቢረሳው አላረፈም፤ ሸራፋ ክንዱን ሳይቀር ቀድቶ ገበያ ዘረጋው። ሴቶቹ እያገላበጡ «ጭቃውን ማን ሰበረው?» አሉት። በአንድ ጭብጥ ጤፍ እንኳ የሚወስድለት አጣ።

ከዚያ ወዲህ በወይራ አምባ መስቀል የሚያሠራ ሰው ድንጋዩን ይዞ ይመጣል፤ ጭቃውን የሚሰብረው ገዢው ነው። እንግዳ መጥቶ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲዘረጋላቸውም፣ «ጭቃውን ማን ሰበረው?» ይሉታል። መልስ ያለው ይሸጣል፤ የሌለው ዕቃውን ይሸክፋል።