ዳልቻና ልክ የሚይዘው ስኳድራ

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከሸለቆው እየተነሣ እስከ ረፋድ በማይገፈፍበት አገር፣ ዳልቻ የምትባል አናጢ አህያ ትኖር ነበር። ዳልቻ ስትሠራ ሐሳቧ ይነጉዳል። ጣውላ ስትልግ የመላጊያው ድምፅ የሩቅ ዝናብ ይመስላታል። ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ሲወድቅ እያየች፣ ዛፉ ቆሞ ሳለ የትኛው ወፍ አርፎበት እንደነበር ታስባለች። ነገር ግን ሐሳቧ የቱንም ያህል ቢርቅ ሥራዋ ተበላሽቶ አያውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ጥንቸል ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለችና ደጇ ላይ ቆመች። ጥንቸል ከወንዙ ማዶ፣ ግንዱ በተቦረቦረ ትልቅ ዋርካ ውስጥ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ናት።

«እትዬ ዳልቻ፣ በር ሥሪልኝ» አለች። «አያ ጅቦ ሰሞኑን ሲመሽ ደጃችን እየመጣ ይጋደማል። ምን ፈልገህ ነው ብለው፣ ‹ጥላው ተስማምቶኝ ነው› ይለኛል። ከመሸ በኋላ ምን ጥላ አለ? ልጆቼን ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ደራርቤ ነው የማሳድራቸው።»

ዳልቻ የጅብ ስም ሲነሣ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል። ቢሆንም ተነሥታ ተከተለቻት።

የዋርካው አፍ ሰፊ ነው፤ ዳልቻ ራሷ ጎንበስ ብላ ትገባበታለች። ሁለቱ ጎኖቹና ላይኛው ቀጥ ያሉ ናቸው። ደፉ ግን የዛፉ ሥር ነው፤ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል። ዳልቻ የማዕዘን መለኪያዋን፣ ስኳድራዋን አስጠጋችበት። ስኳድራዋ የሚያውቀው ቀጥ ያለውን ማዕዘን ብቻ ስለሆነ ከሥሩ ጋር አልገጠመም።

«ለዚህስ ተጣጣፊ ስኳድራ መግዛት አለብኝ» አለች።

«እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

«እጀታና ምላስ አለው። ብሎኑን ስታላዪው ምላሱ ይንቀሳቀሳል፤ ከዝንባሌው ጋር ስታስተካክዪው ታጠብቂዋለሽ። እኔም ያንን ልክ እንዳለ ይዤ ቤቴ እሄድና ጣውላው ላይ አሰምራለሁ።»

የአናጢ ዕቃ የሚሸጠው ቀበሮ ነበር፤ ሱቁም ኮረብታው ላይ ነው። ዳልቻን ገና ከሩቅ ሲያያት ብድግ ብሎ ተቀበላት።

«እመት ዳልቻ፣ እርስዎን ለመሰለ አናጢማ የሚሆነው ይኼ ነው» ብሎ አንድ ተጣጣፊ ስኳድራ አወጣ። እጀታው ቀይ እንጨት ነው፤ ዳርና ዳሩ በነሐስ ተለብጧል። የብሎኑ ራስ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተዘርግቷል። ጉሙን ሰንጥቃ የገባች የፀሐይ ጨረር ነሐሱ ላይ አረፈችና ዳልቻ የገዛ ዓይኗን እዚያ ውስጥ አየችው። ቀስ ብሎ ሐሳቧ ነጎደ። በዚህ ዕቃ የሚሠሩ በሮች ሁሉ ወርቅማ ብርሃን ይዘው ሲከፈቱ ታያት።

«ያኛውስ?» አለች፣ ጥግ ላይ የተጣለ ጥቁር እጀታ ያለው ስኳድራ እያየች።

«እሱን ተዉት። ለእርስዎ አይመጥንም።»

ዳልቻም የሚያብረቀርቀውን ወሰደች። ለዋጋው የቀበሮን ጭነት ከቆላ አምጥታ ኮረብታው ላይ አወጣችለት።

በማግስቱ ስኳድራውን ዋርካው ሥር አስጠግታ፣ ምላሱን ከዝንባሌው ጋር አስተካከለች። ብሎኑን አጠበቀችና ወንዙን ተሻግራ ቤቷ ገባች። አሰመረች፣ ቆረጠች፣ በሩን ሠርታ ወስዳ ገጠመችው። ከላይና ከጎን እንደ ቆዳ ተለጠፈ። ከታች፣ በጥጉ በኩል ግን ክፍተት ቀረ።

«ትንሽ ናት» አለች ጥንቸል፣ ላለማስቀየም። «ከምንም ይሻለናል።»

ዳልቻ ልቧ ቅር እያለው ወደ ቤቷ ሄደች።

በነጋታው ስትመለስ ጥንቸል ደጁ ላይ ተቀምጣ የትንሿን ልጇን ጆሮ ትልሳለች። ጆሮዋ ተተርትሯል።

«በሩን አምነን እዚያው አጠገቡ ተኛን» አለች ጥንቸል። «አያ ጅቦ በክፍተቱ እጁን ሰደደ። ጆሮዋን ይዞ ሲጎትት ነክሼ አስለቀቅሁት።»

ዳልቻ ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየች። ልጅቱ ግን ቀና ብላ አይታ፣ «እትዬ፣ በሩ ደስ ይላል፤ የእንጨት ሽታ አለው» አለቻት። ዳልቻን ከጅቡ ይልቅ ይህ ቃል አመማት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «የት ላይ እንደተሳሳትኩ ሳላውቅ አልተኛም።»

ስኳድራውን እንደገና ሥሩ ላይ አስተካክላ አጠበቀችና መንገድ ጀመረች። አሁን ቀስ እያለች ነው የምትሄደው። ወንዙ ጋ ስትደርስ ቆመች። ውኃው ረግቷል፣ ጉሙም በላዩ ተኝቷል። ዳልቻ ጎንበስ ብላ ጥላዋን ስታይ፣ በአፏ የያዘችውን ስኳድራ ውኃው ውስጥ አየችው። ምላሱ እንቅልፍ እንደወሰደው የጥጃ ጆሮ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ነበር። ሕልም መሰላትና ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አሁንም ዝቅ ብሏል። ብሎኑን ብትነካው ጠብቋል፤ ምላሱ ግን ይንሸራተታል።

«ልኩን መንገድ ላይ ነው የምትጥለው ለካ» አለችው ስኳድራውን፣ በዝግታ።

ከዚያው ወደ ኮረብታው ወጥታ ምላሱ እንደሚንሸራተት ለቀበሮ ነገረችው።

«አልጠበቀ ይሆናላ፤ ዕቃው ምን ያድርግ» አለ ቀበሮ።

«እንግዲያው እርስዎ ያጥብቁልኝ።»

ቀበሮ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው። ዳልቻ ምላሱን በአፍንጫዋ ገፋ ስታደርገው ሸርተት አለ። ቀበሮ ወዲያ ዞረና ጭራውን ማበጠር ጀመረ።

«ያንን ጥቁሩን ያምጡልኝ» አለች።

«እመት ዳልቻ፣ ሰው ምን ይላል? ይኼን ይዘው ቢያዩዎት…»

«ያምጡልኝ።»

አመጣላት። ዳልቻ በዚህ ጊዜ ሐሳቧ እንዲነጉድ አልፈቀደችለትም። ብሎኑን አላልታ አየች፤ ምላሱ ሳይንገራገጭ ተንቀሳቀሰ። አጥብቃ በአፍንጫዋ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። ጣውላ ላይ አስተኛችው፤ የብሎኑ ራስ ከእጀታው ጋር እኩል ስለሆነ ልጥፍ አለ። የቢራቢሮ ክንፉ ግን ጣውላውን እየገፋ ዕቃውን ያስነሣው እንደነበር አሁን ትዝ አላት። ከዚያ ምላሱ የቆመበትን ቦታ በከሰል ጣውላ ላይ አሰምራ፣ ስኳድራውን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችና ኮረብታውን እየጋለበች ዞረችው። ቀበሮ ሳቀ። ዳልቻ እያለከለከች ተመልሳ ስኳድራውን መስመሩ ላይ አሳረፈችው። አንድ ሆኑ።

ቀበሮ ሳቁን ተወ፤ ሳይወድ በግዱም ለወጠላት።

ዳልቻ የዚያኑ ቀን ልኩን ወስዳ አዲስ በር ሠራች። ተሸክማ ዋርካው ዘንድ ስትደርስ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው። ማጠፊያውን መትታ፣ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ገጥማ ቀና ስትል፣ ከጉሙ ውስጥ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ወደ ቤትሽ አትደርሺም» አለች ጥንቸል ቀስ ብላ። «ነይ ግቢ።»

ዳልቻ ገብታ በሩን ቀረቀረችው። እስከ ዛሬ በር የምትሠራው ለሌላ ነበር፤ ዛሬ እሷም ከሥራዋ በስተኋላ ሆነች።

አያ ጅቦ መጣ። በቀጥታ ወደ ታችኛው ጥግ ሄዶ አፍንጫውን ሲያስጠጋ ከእንጨቱ ጋር ተጋጨ።

«ቀዳዳዬ የት ሄደች?» አለ ለራሱ። ወዲህ አሸተተ፣ ወዲያ አሸተተ። ጥፍሩን ከሥሩ ጋር ሊያሾልክ ሞከረ፤ የምታስገባ ስንጥቅ አጣ። ቢገፋው መቀርቀሪያው አልነቃነቅ አለው።

ጥቂት አሰበና ድምፁን አቀጠነ። «ልጆች፣ ቀበሮ ነኝ። ክፍተቷን ልደፍንላችሁ ነበር የመጣሁት፤ በየት በኩል እንደሆነች ጠቁሙኝ።»

የጥንቸል ልጆች አፋቸውን አፍነው ሳቁ። ዳልቻም ፍርሃቷ ሳይለቃት ሳቋ መጣ።

«ተደፍናለች፤ ይመስገን» አለች ጥንቸል ከውስጥ።

አያ ጅቦ ነገሩን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ እያጉረመረመ ወደ ጉሙ ገባ፤ ኮቴውም እየራቀ ሄደና ጠፋ።

ጆሮዋ የተተረተረው ልጅ ዳልቻ ሆድ ሥር ገብታ ተጠቀለለች። ዳልቻ እንዳትቀሰቅሳት እግሯን ሳታንቀሳቅስ ጋደም አለች። ዋርካው በነፋስ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ከውጭ ጉሙ በሩ ላይ መጥቶ ተደገፈ፤ ቅንጣት ጉም እንኳ ወደ ውስጥ አልገባም። ዳልቻ አሁን ሐሳቧን ለቀቀችው። በእንቅልፏ ሁሉም ዛፍ በር ያለው ጫካ ውስጥ ስትሄድ አየች፤ ከየበሩም በስተኋላ የሚተኙ ሁሉ ያለ ሥጋት ይተነፍሱ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌሎች አምነው የሚተኙበትን ሥራ የምንሠራበት ዕቃ ስንመርጥ፣ ለዓይናችን ስላበራ ሳይሆን የሰጠነውን ልክ ሳይለቅ መያዙን ራሳችን ፈትነን መሆን እንዳለበት ነው።