ጦጣ የመረጠው ከረጢት

ተረት ተረት፤ መያዣው ሁለት ሕይወት።

ጦጣና ሽኮኮ ተራራ ወጥተው ማታ ሊመለሱ በሶ ሰነቁ። ሽኮኮ የፍየል ቆዳ ስልቻ አነገተች። ጦጣ ባዶ ከረጢቶችን በጣቱ እያንጠለጠለ ከሁሉ የሳሳውን መረጠ።

«እሜቴ ሽኮኮ፣ ያን ቆዳ ተሸክመሽ ልትሞቺ ነው?» አላት።

«አንተ በሶውን ሞልተህ ከረጢቱን ነቅንቀው እስቲ» አለችው። ስቆባት መንገድ ጀመረ።

ዛፍ የሌለበት ገመገም ላይ ሲደርሱ ጦጣ፣ «ጭራሽ ቀለለኝ» አለ።

ሽኮኮ ዞር ብላ አየች። በሶው በመጡበት መንገድ ሁሉ ፈስሷል፤ ጅብ እሱን እየላሰ ደርሶባቸዋል።

«በሶው ደግ ነው» አለ ጅብ፤ «ሥጋውስ?»

ሽኮኮ ስልቻዋን ወረወረችለት። ጅብ ቆዳ አይቶ አያልፍምና ቆሞ ማኘክ ጀመረ፤ እነሱም ሮጠው አመለጡ።

ሂሳቡ ይኸው፦ ሁለት ሕይወት ተረፈ፤ ስልቻና የሁለት ሰው ስንቅ ጠፋ። የጦጣ ከረጢት ግን አለ። አሁንም በጣም ቀላል ነው።