በመግቢያው ላይ ብቻ የተጻፈ ሠላሳ

አንድ አናጺ ነበር። ከሥራ ሲያርፍ፣ ብዙ ሰው በፈቃዱ ተባብሮ የሚሠራውን የስልክ ካርታ ይሞላል። የሰፈሩን መንገድ ሁሉ ያስገባው እሱ ነው፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

በሰፈሩ ትምህርት ቤት ስላለ፣ ከአስፋልቱ መታጠፊያ ላይ «ከዚህ ጀምሮ በሠላሳ» የሚል የፍጥነት ምልክት ተተከለ። አናጺውም በካርታው ላይ የመግቢያዋን መንገድ ሠላሳ ብሎ ሞላት። የውስጦቹን ግን በነበሩበት በሃምሳ ተዋቸው። «መግቢያው ላይ ካለ ይበቃል» አለ። ለመሆኑ ሰው ሁሉ በዚያ መግቢያ ብቻ ይገባል?

አንድ ቀን ጎበና የሚባል፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ የኢሱዙ ሾፌር፣ የስልኩን ካርታ አምኖ በሰፈሩ ጓሮ በኩል በኮብልስቶኑ መጣ። ያን ሰዓት የአናጺው ሚስት ትርሲት፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፣ ገመድ ያስያዘቻቸውን ሕፃናት ታሻግር ነበር። ፍሬኑ ጮኸ። መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ተመስገን በሉ እንጂ!

አናጺው እየሮጠ ደረሰ። ሚስቱን ከራስ እስከ እግሯ ዳበሳት፤ ምንም አልሆነችም። ይሄኔ ንዴቱ መጣ። «አንተ! ዓይን የለህም?» ብሎ ሾፌሩ ላይ ጮኸ።

ጎበና ስልኩን ዘረጋለት። «ጋሼ፣ ይኸው ሃምሳ ይላል! ሰው ገደልኩ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!»

አናጺው አየው። ራሱ የሞላው ካርታ ነው። ወገኖቼ፣ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? እሱ ግን፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወንድሜ። የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?» አለች ትርሲት፣ ሕፃናቱን ወደ ዳር እየሰበሰበች። «ሂድና አስተካክለው!»

ጎበና በመኪናው ጭኖት በየቅያሱ አዞረው። አንድም መንገድ ሳይቀር፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ እያለ ሞላ። በሦስተኛው ቀን ጎበና ደወለ። «ጋሼ፣ በጓሮ ገባሁ፤ ስልኬ ሠላሳ አለኝ!» አናጺው መዶሻውን አስቀምጦ እፎይ አለ። ደስታው እንባ አመጣበት።

እኛስ? እዚህ የእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ ስንደርስ ሁላችንም ዝግ እንላለን፤ ድምፃችን እንኳ ይለሰልሳል። በሥራ ቦታስ? በታክሲ ሰልፍስ? ማታ ቤት ስንገባስ? እግዚአብሔር ሕጉን ለደጃፉ ብቻ ሰጠን እንዴ?

ፍሬናችን እስከ ዛሬ ይዟል፤ ምሕረት ነው። አሁንም ጊዜ አለን። ቤታችሁ ውስጥ ኮቴያችሁን ሰምቶ የሚሸማቀቅ ሰው ካለ፣ ዛሬ ቀስ ብላችሁ ግቡ።