ደህና ነኝ ባዩ ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ሰው ነበረ። ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ካንሰር አጥንቱ ድረስ የገባበት። ወለተ ሰንበት፣ ሕመሜን ለሐኪም ብናገር በፈጣሪ ላይ ማማረር አይሆንብኝም ወይ ብለሽ እኔን የንስሐ አባትሽን ጠይቀሽኝ የለ? እንግዲህ ስሚኝ።

ለዚህ ሰው ሐኪሙ ክንዱ ላይ የሚለጠፍ ማስታገሻ አዘዘለት፤ በየሦስት ቀኑ የሚቀየር። አንዲት ነርስ በየሳምንቱ ቤቱ እየመጣች እንዴት ሰነበቱ ትለዋለች። እሱም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ይላል። ምን ታድርግ! ደህና ናቸው ብላ ጽፋ ትሄዳለች፤ መድኃኒቱም ባለበት ይቀራል። እሱ ግን ጋደም ማለት ካቃተው ወር አልፎት ነበር። ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚያነጋው። ሚስቱ አንጀቷ እያረረ ተናገር ብትለው ያኮርፋታል። ግትር ነበር፣ እንዳንቺው።

አንድ ቀን ነርሷ መጣችና እንዴት ሰነበቱ ማለቱን ተወችው። መደቡ ላይ እስቲ ጋደም ይበሉልኝ አለችው። ደህና ነኝ ሲል ኖሮ አሁን አልችልም ማለት አፈረ። ሊተኛ ጎንበስ ሲል ወገቡ ቀጥ አድርጎ ያዘው። መደቡን እንደጨበጠ ቀረ፤ እንባውም ዱብ ዱብ አለ።

ነርሷ ደግፋ አስቀመጠችው። «አባባ፣ ምስጋናውን ለእግዚአብሔር ይስጡ፤ ሕመሙን ግን ለእኔ ይንገሩኝ» አለችው። «እሱ ሳይነግሩትም ያውቃል። እኔ ካልነገሩኝ አላውቅም።»

ያኔ የወሩን ሁሉ ዘረገፈላት። ሐኪሙም ጠንከር ያለውን እንዲለጥፉለት አዘዘ፤ ልጥፉ ሥራውን እስኪጀምር ደግሞ የሚጠጣ ማስታገሻ ጨመረለት። በሦስተኛው ቀን ሸማኔው ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ እስከ ማታ አንኮራፋ። ሚስቱ ደጅ ተቀምጣ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ፣ ቀስ በሉ፣ ተኝቷል እያለች ስትመልስ ዋለች። እንዲያ ፊቷ ፈክቶ ያያት አልነበረም።

ወለተ ሰንበት፣ ሸማኔው አንቺ ነሽ። ስገባ እንዴት ነሽ ብልሽ ተመስገን አልሽኝ፤ ይህን ሳወራልሽ ግን ሁለት ጊዜ ከንፈርሽን ነክሰሻል። ማማረር አይደለም፣ ልጄ። ያመመሽን መናገር ነው። ያንቺዋ ነርስ በር ላይ ቆማለች፤ እኔ ልውጣና ትግባ። የት የት እንደሚያምሽ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት።