አንድ ወንበር፣ አንድ ጠብታ

በአንድ ወቅት፣ ያን ያህል ሩቅ ባልሆነ፣ ሊፍቱ ከቆመ ዓመታት ባለፉት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ላብራቶሪ ነበር። ሦስት ሰዎች ይሠሩበታል። ሦስቱም አንድ ወንበር ይፈልጋሉ።

ወንበሩ ያለው ባሕር ማዶ ነው። በየዓመቱ ለሦስት ሳምንት የሚሰጥ የባዮኬሚስትሪና የሞለኪውላር ባዮሎጂ ከፍተኛ ሥልጠና አለ፤ ሃያ ሠልጣኝ ይቀበላል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ሠልጣኙ ጥያቄውን ከነናሙናው ይዞ ይመጣል፣ በእነሱ መሣሪያ ይመረምራል፣ መልሱን ያገኛል። ናሙና ብቻውን አይላክም። ሰውም ባዶ እጁን አይመጣም።

የላብራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር አሰግድ አሥራ አንድ ዓመት አመለከቱ፤ አሥራ አንድ ጊዜ «እናዝናለን» የሚል መልስ መጣላቸው። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ሌላ ደብዳቤ መጣ። «አንድ ሰው። ስሙን እስከ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላኩ። ይህ የመጨረሻው ዙር ነው።»

ፕሮፌሰሩ በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ የአሮጌ ወንበሮች መጋዘን እንደሚሆን ተነግሯቸዋል።

*

ሐምዲያ ናሙናውን ያመጣችው ናት።

ቆላ ወረደች። አውቶቡሱ ከቆመበት ግማሽ ቀን በእግሯ ሄዳ ከአንዲት የወንዝ ዳር መንደር ደረሰች። በመንደሪቱ አንዳንድ ቤቶች ሕፃናት በተወለዱ በሳምንት በሁለት ሳምንታቸው ቢጫ ይሆናሉ፣ ያስታውካቸዋል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ይሞታሉ። መዲና የምትባል ሴት አራት ወልዳ ሁለቱን ቀብራለች፤ አንዷ ተርፋላታለች። አራተኛው፣ የስምንት ቀን ወንድ ልጅ፣ ቢጫ ሆኖ እቅፏ ውስጥ ነበር።

ሐምዲያ የአገሩን ቋንቋ ከእናቷ ተምራዋለች። ደም ልውሰድ አላለችም። ሦስት ቀን ከመዲና ጋር ተቀመጠች፤ ውሃ ቀዳች፣ ፍየል አሰረች። መርፌዋ ከቦርሳዋ አልወጣም። በአራተኛው ቀን መዲና ራሷ ጠየቀቻት።

«ለምን እንደመጣሽ አትነግሪኝም?»

«ደሙን ልወስድ ነው።»

«ያድነዋል?»

«እሱን አያድነውም።»

መዲና የልጁን እግር ከጨርቁ ውስጥ አወጣች።

«ትመለሻለሽ?»

«መልሱን ይዤ እመለሳለሁ።»

መዲና የፈቃድ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቷን አተመች፤ የራሷንም ደም አንድ ጠብታ ካርቶን ላይ ጠብ አደረገች። ሐምዲያ ከሌሎች ሃያ ሦስት ቤቶችም የሕፃናት ደም ሰብስባ፣ ሃያ አራት ብልቃጥ በበረዶ ሳጥን ይዛ ተመለሰች። የመዲና ልጅ መሞቱን የሰማችው አውቶቡስ ላይ ነው።

ፕሮፌሰሩ ታሪኩን ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወተቱ ይመስለኛል» አሉ። «ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጭ አንድ ኢንዛይም የጎደላቸው ይመስለኛል። የሚገድላቸው የእናታቸው ጡት ነው።»

ሐምዲያ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠባ አይታዋለች።

*

ስመኝ ናሙናውን ያተረፈችው ናት።

ነሐሴ ላይ ትራንስፎርመር ፈነዳ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም፤ ናፍጣ ከማደያው ጠፍቷል። በሁለተኛው ቀን ከትልቁ ማቀዝቀዣ ሥር ውሃ መታየት ጀመረ። ሌላው ሰው ስልክ ሲደውል፣ ስመኝ ከከተማው ዳር ወዳለው የከብት ማዳቀያ ማዕከል ሄደች። የኮርማ ዘር እዚያ በረዶ አድርጎ በሚያቆይ ፈሳሽ ናይትሮጅን እንደሚቀመጥ ታውቃለች።

«ለስንት ላም ነው?» አላት ሠራተኛው።

«ላም የለኝም። የሞቱ ሕፃናት ደም ነው ያለኝ።»

ሰውየው ሌላ ሳይጠይቅ የቆየች ትንሽ ታንክ ናይትሮጅን ሞልቶ ሰጣት። ሚኒባስ ውስጥ ትንሿ ታንክ ከክዳኗ ሥር ነጭ ጢስ ትተፋለች።

«እናት፣ ይሄ የሚጨሰው ምንድን ነው?» አለ ረዳቱ።

«የኮርማ ዘር።»

«ጠጋ በሉላት! ግን ኮርማው ራሱ ከመጣ አላሳፍርም።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ስመኝም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልሳቀችም፤ ምክንያቱም ትንሿ ታንክ የምትይዘው ስድስት ብልቃጥ ብቻ ነበር።

የሐምዲያን ደብተር ገልጣ፣ ከሁለት ልጅ በላይ የቀበሩትን ስድስት ቤቶች መረጠች። አሥራ ስምንቱን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ ትታ ቀልጠው ሲያልቁ ጠበቀች። የአሥራ ስምንቱን እናቶች ስም ዛሬም በቃሏ ታውቀዋለች።

አንድ ስህተትም ሠራች። በዚያ ላብራቶሪ ማንኛውም ዕቃ ከቦታ ቦታ ሲዛወር በአልኮል ይጠረጋል። ፕሮፌሰሩ ስመኝ ባለችበት ዘጠኝ ዓመት «ሳትጠርጉ አትንኩ» ሲሉ ኖረዋል። የላብራቶሪው ማርከር ግን ካለቀ ቆይቷል፤ ብልቃጦቹ ላይ የተጻፈው ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በተገዛ ተራ ማርከር ነው። ስመኝ እጇ እንደለመደው ስድስቱን ጠርጋ ትንሿ ታንክ ውስጥ ከተተች። ቀና ስትል ስሞቹ ሰማያዊ ውሃ ሆነው ጓንቷ ላይ ነበሩ።

*

ዋቅጅራ ለናሙናው ስሙን የመለሰለት ነው።

ስድስት ስም የለሽ ብልቃጥ። ከስድስቱ አንዱ የመዲና ልጅ ነው። የመዲና ደም የነካው ካርቶን ስላለ፣ ልጇን ከእሷ ጋር አመሳስሎ መለየት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው፣ የዘር ምልክትን የሚያባዛ ሌላ ኢንዛይም ግን ከውጭ ታዞ፣ አሥራ አንድ ቀን ጉምሩክ ተቀምጦ፣ በረዶው ውሃ ሆኖ ነበር የደረሰው። ሞቷል።

ዋቅጅራ ኢንዛይሙን ራሱ ሠራው። ባክቴሪያ አሳደገ፣ ሰበረ፣ አጣራ፣ ደፋ፣ እንደገና ጀመረ። አምስት ወር ፈጀበት። ውጤቱን በሁለት ገጽ ጻፈው፤ ፕሮፌሰሩ ፈረሙ፤ «አንድ ሰው» የሚለው ደብዳቤ የመጣው ለእነዚያ ሁለት ገጾች ነው።

ግን ቸኩሏል። ማመልከቻው ሊዘጋ ሲል፣ ኢንዛይሙ በደንብ ሳይጣራ ሁለት ጊዜ ሞከረው። ሁለቱንም ጊዜ ከሸፈ፤ የሄደው ደም ሄደ። በሦስተኛው፣ የሌሎቹ አምስቱ ደም አልቆ፣ የመዲና ልጅ ታወቀ። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው አንድ ጠብታ ነው። አንድ ጊዜ ያስመረምራል። ሁለተኛ የለም።

*

ሰኞ ፕሮፌሰር አሰግድ ሦስቱን ሰበሰቧቸው። መዲና የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ሐምዲያ ነግራቸው ነበር።

«ልጆች፣ ጥርጣሬዬ ልክ ከሆነ፣ የሚወለደው ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ጡት መቅመስ የለበትም፤ ሌላ ምግብ ይፈለግለታል። ከተሳሳትኩ ደግሞ፣ በዚያ በረሃ ጤነኛ ሕፃን ከጡት መከልከል መግደል ነው። በጥርጣሬ አትጥቢ አልላትም። ሥልጠናው የሚያልቀው ከመውለዷ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ነው። እኔ አልመርጥም፤ እናንተ አንድ ስም አምጡልኝ።»

«ዕጣ እንጣል» አለ ዋቅጅራ።

«ዕጣ የምትወደው ሲወጣልህ ነው» አለች ስመኝ።

«ካልወጣልኝስ?»

«ሳይንሳዊ አይደለም ትላለህ።»

ፕሮፌሰሩም ጭምር ሳቁ። የዚያ ሳምንት የመጨረሻ ሳቅ ነበር።

«ዕጣ መዲናን አያውቃትም» አለች ሐምዲያ። «ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ፊቷን ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ሐምዱ፣ ጠብታ የምትመጥጭበትን ፒፔት ስትይዢ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አላት ዋቅጅራ። « አንድ ጠብታ ናት ያለችው።»

«የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም» አለች ስመኝ።

«ያንቺ አይንቀጠቀጥም። መሣሪያው ከሚያወጣው ውስጥ እውነቱን ከስህተቱ የምትለይው ግን እንዴት ነው?»

«እዚያው ያስተምሩኛል። ሥልጠና ማለት ምን መሰለህ?»

ሐምዲያ ወደ ዋቅጅራ ዞረች።

«አንተ ብትሄድ ትመለሳለህ?»

«ውጤቱን በወጣበት ቀን እልክልሻለሁ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። ትመለሳለህ?»

«ወደ ምን ልመለስ? ወደ ወንበር መጋዘን?»

«ከዚህ ጠረጴዛ ሰባት ሰው ተነሥቶ ውጭ ሄዷል» አለች ስመኝ፣ ማንንም ሳታይ። «ሰባቱንም ፒፔት አያያዝ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ‹ደርሰናል› ብሎ እንኳ የጻፈ የለም። ዘጠኝ ዓመት የሰው ሻንጣ ስሸኝ ኖሬያለሁ።»

ሁሉም እውነት ተናግሯል። ከባዱ ነገር ይህ ነበር።

*

መዲና አውራ ጣቷን ያተመችበት የፈቃድ ወረቀት በሐምዲያ ስም ነው፤ ያለ እሷ ፊርማ ጠብታዋ ከአገር አትወጣም። የትንሿ ታንክ ቁልፍ የስመኝ አንገት ላይ ነው። የማመልከቻው የይለፍ ቃል ዋቅጅራ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ያለ እሱ ስም አይሞላም። ከሦስቱ እያንዳንዳቸው ሌሎቹን ሁለት ማስቀረት ይችላሉ። አንዳቸውም ብቻቸውን መሄድ አይችሉም።

ማክሰኞ። ማንም ከማንም ጋር አልበላም።

ረቡዕ። ስመኝ ትንሿን ታንክ ሚዛን ላይ አወጣቻት። ናይትሮጅን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይተናል፤ ትንሿ ታንክ ከሰኞ ይልቅ ቀላለች። ማዳቀያ ማዕከሉ ለዚህ ወር የሚተርፈው እንደሌለ ነግሯታል። ቁጥሩን ጽፋ ሚዛኑን አጠፋች።

ሐሙስ። ሐሙስ የመዲና የገበያ ቀን ነው። ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ትወጣና ትደውላለች። ሐምዲያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ለቀቀችው፤ የምትለውን ለሁለቱ ትተረጉማለች።

«ልጁ ይራገጣል ትላለች። ኃይለኛ ነው ትላለች።»

የመዲና ድምፅ ከፍየሎች ጩኸት መሐል መጣ።

«ጡቷ ወተት ጀምሯል ትላለች። ሲወለድ ምን ልስጠው ነው የምትለው።»

ዋቅጅራ መስኮቱን ያያል። ስመኝ የአንገቷን ቁልፍ ይዛለች።

መዲና ሌላ ነገር ጠየቀች። ሐምዲያ መለሰችላት እንጂ አልተረጎመችም።

«ምን አለች?» አለች ስመኝ።

«ጠብታዋ አለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለች ብዬ መለስኩላት።»

«ከዚያስ?»

«ማን ነው የያዛት አለች።»

ስልኩ ተቋረጠ። የመዲና ካርድ አልቆ ይሁን ኔትወርኩ ጠፍቶ አልታወቀም። ሐምዲያ መልሳ ብትደውልም አልተነሣም።

*

ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

ሐምዲያ የፈቃድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የምትወክለው ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው፤ ፊርማዋ ግን ከሥሩ አለ።

ስመኝ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

ዋቅጅራ የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከቁልፉ አጠገብ አደረገ።

ሦስቱም የያዙትን ለቀቁ። ሦስቱም ስም አልጠሩም። ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ፤ እርስ በርስ አልተያዩም። ልግስና ይሁን፣ ድካም ይሁን፣ ወይም የሌላውን ስም በገዛ እጅ ላለመጻፍ የተደረገ ሽሽት ይሁን፣ እኔ አላውቅም። ምናልባት እነሱም አያውቁም።

ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን ቀሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ማያ ገጹን በአፍንጫቸው ሊነኩት ተጠጉ። «የሠልጣኙ ሙሉ ስም» ይላል። ከሥሩ አንድ መስመር ክፍት ነው፤ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከአሥር ሰዓት በኋላ ገጹ ይዘጋል።

ሐምዲያን ከጻፉ፣ መልሱ ከተገኘ በእርግጥ መንደሩ ይደርሳል፤ ግን ጠብታዋ በሚንቀጠቀጥ እጅ ትገባለች። ስመኝን ከጻፉ፣ ጠብታዋ አትፈስም፤ ግን የወጣውን ውጤት በትክክል ለማንበብ ሦስት ሳምንት ይበቃት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዋቅጅራን ከጻፉ፣ መልሱ ትክክል የመሆን ዕድሉ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን በኢሜይል የመጣ ፊደል ይሆናል፤ ሰውየው አይመለስም፤ መዲናም ማንበብ አትችልም። ባዶውን ከተውት ደግሞ ማንም አልተበደለም፤ ከአንዱ በቀር፤ እሱም ገና አልተወለደም።

አንደኛዋ ሞት አጠገብ ሦስት ቀን ተቀምጣ ደሙን አመጣች። ሁለተኛዋ አሥራ ስምንት አቅልጣ ስድስት አተረፈች። ሦስተኛው ከጠብታ በቀር ሁሉን ጨርሶ ስሙን መለሰ። አንዳቸው ቢጎድሉ ደብዳቤው አይመጣም ነበር።

ሰዓቱ አሥር ሊሆን ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል። እናንተ የሰማችሁ፣ በፕሮፌሰሩ ቦታ ተቀመጡና ንገሩኝ፦ ወንበሩ ለማን ይገባል?