የፊታውራሪ አንዳርጌ ጥይት

ምናልባት በትክክል አላስታውሰው ይሆናል። ፊታውራሪ አንዳርጌ ለዒላማ ውድድርና በቆሏቸውን ለፈጁት ጦጣዎች የሚሆን፣ አፈሙዙ ቀጭን ጠብመንጃ ሊያሠሩ ፈለጉ። ሠሪውን በሎሌዎቻቸው ፊት አስጠርተው፣ "ለሁለቱም የሚሆነውን ጥይት አንተው ምረጥ፤ ጠብመንጃው በልኩ ይሠራል" አሉት።

"ጌታዬ፣ ቀላሉ ጥይት ለጦጣ ይበቃል፤ ሩቅ ዒላማ ላይ ግን ነፋስ ይወስደዋል። ከባዱ ደግሞ ሲተኮስ የተኳሹን ትከሻ ይመታል።"

"እሱ ያንተ ጣጣ ነው። አንዴ ከሳትኩ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ በእግር ብረት ትታሰራለህ።"

ሰውየው እጅ ነሣ። "እሺ ጌታዬ። መሳቱ የኔ ከሆነ መምታቱም የኔ ነው። እንግዲህ ጦጣዋ ስትወድቅ አደባባይ ወጥቼ የምፎክረው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ጠብመንጃውን ይይዙልኛል።"

ሎሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

ከዚያ የሆነውን በደንብ አላውቅም ነበር። ኋላ ጠይቄ ያረጋገጥኩት፣ ጥይቱን ፊታውራሪው ራሳቸው መምረጣቸውን ነው።