የዳርሳሌ ሦስት አዳኞች

በአንድ ወቅት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሲነዱ የኖሩ አቶ ደምሰው የሚባሉ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ነበሩ። በበረሃው መካከል የተሰነጠቀውን የዳርሳሌን ሸለቆ በድልድይ ላይ ሆነው ስንት ጊዜ እንደተሻገሩት እሳቸውም አያውቁትም፤ ወደ ታች ግን አንድም ቀን ወርደው አያውቁም። ጡረታ ወጥተው ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ልጃቸውን ምንትዋብን ጠሩና፣ ያን ገደል ከሥሩ ሆነው ሽቅብ ሳያዩት ዓይናቸው እንዳይጠፋ እንደሚፈልጉ ነገሯት።

ምንትዋብ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሰው ቶሎ አታምንም። ነጋዴ በፊቷ የለካላትን ጨርቅ እንኳ ቤቷ ወስዳ እንደገና ትለካዋለች። ቢሆንም አባቷን ትወዳለችና ይዛቸው ሄደች።

ሸለቆው ፓርክ ሆኗል። በመግቢያው ላይ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ በግራር ጥላ ሥር እንግዳ የሚያድርበት ካምፕ ነበረ። ካምፑን ያቀኑት ሐንፈሬ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። ሰውየው ልጅ አልነበራቸውም፤ ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። ስለዚህ በሸለቆው ከሚሠሩት ሦስት ሰዎች መካከል ለእንግዳ የሚበጀውን አይተው ካምፑን እንደሚሰጡት ተናግረው ነበር። ያን ከተናገሩ ወዲህ ሦስቱ እንደ ድሮው አብረው መብላት ትተዋል።

ምንትዋብና አባቷ ገና ከመኪና ሲወርዱ ሦስቱም ተራ በተራ መጡ። ዱካ አንባቢው ሎይታ፣ ገደል ወጪው ገአስ ደፋር መሆኑን፣ ደፋር ሰው ደግሞ እንግዳ እንደሚጥል በለሆሳስ ነገራት። ገአስ በተራው፣ በአፋፉ ማማ ላይ ሆና ሸለቆውን የምትጠብቀው መዲና ቦታውን የምታውቀው ከሩቅ ብቻ ነው አላት። መዲና ደግሞ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ሎይታ እኮ እንግዳ ከጠፋ በኋላ ማግኘት ይወዳል» አለቻት።

አቶ ደምሰው አንዱን መሪ አድርገን እንውሰድ ቢሉም ልጃቸው እምቢ አለች። «ሌላውን እያማ የሚቀበለኝን ሰው ተከትዬ ገደል አልገባም፣ አባባ» አለች። በር ላይ ያለው ዘበኛ መንገዱ በፍላጻ ምልክት የተደረገበት መሆኑን ነግሯት ነበርና፣ በዚያ ተማምና አባቷን ደግፋ ወረደች።

ከታች ያለው የወንዝ መውረጃ ደረቅ አሸዋ ነው። ግድግዳው ቀይ ሆኖ ሽቅብ ይወጣል፤ ድልድዩ ከላይ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። አቶ ደምሰው ዓለቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ በዚያ በኩል ሲያልፉ ፍጥነት ይቀንሱ እንደነበር፣ ከሥር ይህን የሚያህል ነገር መኖሩን ግን ጨርሶ እንዳልገመቱ ሲያወሩ ፊታቸው የልጅ ፊት መሰለ። ምንትዋብ ግን አሁንም አሁንም ዞር እያለች ከኋላዋ ትመለከት ነበር። የሚከተላቸው ሰው ያለ መሰላት።

ሸለቆው ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ፍላጻው ወደ ግራ ያሳያል። ወደ ግራ ሄዱ። መንገዱ እየጠበበ፣ ግድግዳው እየተቀራረበ መጣ።

በዚህ ጊዜ መዲና ከማማዋ ላይ የምዕራቡ ደጋ ሰማይ ጠቁሮ አየች። ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ዳርሳሌ ላይ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ማማዋን ጥላ የቆርቆሮ ቁራጭ በድንጋይ እየደበደበች በአፋፉ ሮጠች። እንግዶቹ የት እንዳሉ አላየችም፤ ብቻ «ከአሸዋው ውጡ!» እያለች ጮኸች። ምንትዋብ ድምፁን ስትሰማ፣ መሪ አንወስድም ስላልን ሊያስፈራሩን ነው ብላ ቆመች። አባቷ ግን ዕድሜያቸውን በምልክት የኖሩ ናቸው። «ምልክት ሲሰማ መጀመሪያ ይታዘዙታል፤ ጥያቄው በኋላ ነው» ብለው ጎተቷት። እየቧጠጡ ከግድግዳው ወጣ ያለች አንዲት ጠባብ የዓለት ደረት ላይ ወጡ። አቶ ደምሰው ሲወጡ እግራቸው ተሰበረ። ወዲያው ውሃው ግንድ እያላጋ ከሥራቸው አለፈ።

ከላይ ሰው ሁሉ የሮጠው ወደ ቀኙ ቅርንጫፍ ነበር፤ የእንግዳ መንገድ በዚያ ነውና። ሎይታ ብቻውን፣ «በግራ ነው የገቡት፤ ዱካቸውን አይቻለሁ» አለ። የሰማው አልነበረም። እሱም ክርክሩን ትቶ ከጎርፉ ገባ። ውሃው አንዴ እያሰመጠው አንዴ ከዓለት እያላተመው ተሻግሮ፣ ደሙ በፊቱ እየወረደ እነምንትዋብን አገኛቸው። ሽርጡን ፈትቶ በማውለብለብ ያሉበትን ቦታ ለላይኞቹ አሳየ።

ገአስ ሽርጡን ባየ ጊዜ ሌላ ሰው እስኪመጣ አልጠበቀም። የዓለቱ ደረት ከሥር እየተሸረሸረ ነበር። ከአፋፉ በገመድ ወርዶ አቶ ደምሰውን በጀርባው አዝሎ ወጣ፤ ተመልሶ ምንትዋብን አወጣ። የእሷ እግር እንደለቀቀው የዓለቱ ደረት ተገምሶ ውሃው ውስጥ ወደቀ።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲጎድል አንድ የፓርኩ ጠባቂ ወደ ካምፑ መጣና ፍላጻው ዞሮ ማግኘቱን ተናገረ። ወደ ቀኝ ማሳየት የነበረበት ወደ ግራ ሲያሳይ ነበር። ምንትዋብ ሻይዋን አስቀመጠች። ሦስቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ዱካችንን ውሃው ሳያጠፋው የት አየኸው?» ብላ ሎይታን ጠየቀችው።

«ከኋላችሁ ነበርኩ፤ ጩኸቱን ስሰማ ሰው ልጠራ ወጣሁ። ብቻችሁን መግባታችሁ አላማረኝም።»

«ፍላጻው መዞሩን ሳታይ ቀረህ?»

«እኔ መሬት ነው የማየው፣ እህቴ። ሰሌዳ አላይም።»

ወደ መዲና ዞረች። «ጠዋት ስንወርድ ያ ደመና ነበረ?»

«ነበረ። ትንሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽን?»

«ብነግርሽ፣ መሪያችን ልትሆን ፈልጋ ነው ትይኝ ነበር» አለች መዲና። ምንትዋብ ይህ እውነት መሆኑን በልቧ አወቀች፤ ግን አላረጋጋትም።

ገአስን የጠየቀችው ስለ ገመዱ ነበር። ሲወርድ ገመዱ ከአፋፉ ዓለት ጋር አስቀድሞ ታስሮ ነበር፤ በዚያ በኩል ደግሞ እንግዳ አይሄድም። ገአስ በማለዳ ሊለማመድ እንዳሰረው ተናገረ። ለምን እዚያ ስትለው፣ ስወድቅ ሰው እንዳያየኝ ነው አለ።

ሽማግሌው ሐንፈሬ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ በዚያ ሰሌዳ ላይ ዝንጀሮዎች እንደሚንጠለጠሉበት፣ ነፋስም ከዚህ ቀደም አዙሮት እንደሚያውቅ ተናገሩ። «ሰውም ሊሆን ይችላል» አሉ ቀጥለው። «እኔ ሦስቱንም ከልጅነታቸው አውቃቸዋለሁ፤ ስለዚህ ዓይኔ አያይም። ያዳኑት አንቺን ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካምፑ ለማን እንደሚገባ አንቺ ንገሪኝ። ለማንም አይገባም ካልሽ ግን ለፓርኩ እመልሰዋለሁ፤ እነሱም ከዚህ ይበተናሉ።»

ምንትዋብ አባቷ ወደተኙበት ድንኳን ገብታ ከሦስቱ አንዱ እጁ እንዳለበት፣ ልቧ እንደነገራት አወራቻቸው። አቶ ደምሰው እግራቸው ታስሮ እንደተጋደሙ ወደ እሷ ዞሩ።

«ይሁን» አሏት። «ያዞረው ከነሱ አንዱ ነው እንበል። ሞትን ሳናይ ያወጣን ግን ያው ሰው ነው። ሁለቱን እጁን በምን ትለኪዋለሽ፣ ልጄ?»

ስትወጣ ሦስቱ ተራርቀው ቆመው አየቻቸው፤ አንዳቸውም ሌላውን አያዩም። ሎይታ ደሙን አልታጠበም። የመዲና ድምፅ ከመጮህ ብዛት ተዘግቷል። የገአስ መዳፍ በገመድ ተልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ፀሐይዋ የሸለቆውን ጫፍ ነክታለች፤ ሽማግሌውም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

ምን እንዳለቻቸው የድሬዳዋ ሰዎች አንድ ዓይነት፣ የዳርሳሌ ሰዎች ሌላ ዓይነት አድርገው ያወራሉ፤ እኔ በሁለቱ መካከል አልገባም። እናንተ ፍረዱ። ደመናውን አይታ ዝም ያለችው፣ በኋላ ግን ጩኸቷ ከአሸዋው ያስወጣቸው መዲና ናት? ተደብቆ የተከተላቸው፣ ግን ለነሱ ብሎ ጎርፍ ውስጥ የገባው ሎይታ ነው? ወይስ ሰው በማይሄድበት ገመድ ያሰረው፣ በዚያው ገመድ ሕይወታቸውን ያተረፈው ገአስ? በምንትዋብ ቦታ ብትቆሙ፣ ካምፑ የሚገባው ለማን ነው ትሉ ነበር?